ቤት ድረስ መጥቶ ከጭንቅ ላወጣን መካኒክ

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ብዙ አልጽፍም፤ አንብቤ የማልፍ ሰው ነኝ። ይህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ግን ይቆጨኛል። አሮጌ ላንድ ክሩዘር ያላችሁ፣ በተለይ ሞላ ቀይራችሁ ከፍ ለማድረግ ያሰባችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መኪናው የአባቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ላንድ ክሩዘር 80፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። በየዓመቱ ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ ጉመር የምንገባው በእሱ ነው። ክረምት ሲወጣ የገጠሩ መንገድ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ግራና ቀኙን የጭነት መኪና ቆፍሮት መሃሉ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። አምና ሆዱ ያንን ጉብታ እየፈተገ ነው ያደረሰን። ወንድሜ ታዲያ ረዘም ባለ ሞላ ቀይረን 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እናንሳው አለ። ዱባይ ያለው የአክስታችን ልጅ ሞላውንም ሾክ አብዞርበሩንም ላከልን።

መጀመሪያ ጋራዥ ነበር የወሰድነው። ስሙን አልጠራም። "ነገ ውሰዱት" እያሉ ብዙ ጊዜ አቆሙት። በመጨረሻ ስንሄድ ሞላው እኛ እንዳስረከብነው ካርቶኑ ውስጥ ነው። አንድ ቡሎን አልተፈታም። የቆመበትን ግን አስከፈሉን! ወንድሜ በንዴት "እኔው ግቢ ውስጥ እሠራዋለሁ" አለ። ጓደኞቹን ሰበሰበ፣ ክሪክ ተከራየ፣ ጀመሩት።

የኋላው ያለ ችግር ገባ። የፊቱም ሞላ ገባ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከፊት አክስሉን ከቦዲው ጋር በአግድም የሚያያይዝ ፓናርድ የሚሉት ረጅም ዘንግ አለ። እሱን መልሰው ሊያስሩ ሲሉ ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጥም አለ። በክሪክ ገፉት፣ በገመድ ጎተቱት፣ አንዱ በመዶሻ ደበደበው። ወይ ፍንክች።

አንድ መካኒክ በስልክ ነገሩን ሰምቶ "ሻንሲው ታጥፏል" አለን። መኪናውን ሳያየው! ሌላው መጣና ዘንጉን ቆርጦ በብየዳ ላርዝመው አለ። አባባ ከበረንዳው ሆኖ "አይቆረጥም!" ብሎ ጮኸ። ሰውዬው ተቆጥቶ ሄደ፤ የመምጫውን ሳይቀበል ግን አልሄደም። መኪናው በድጋፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። መስቀል እየደረሰ ነው። ጎረቤት ባለፈ ባገደመ ቁጥር "አልተሠራም እንዴ?" ይለናል። እናቴ ስለት እስከመሳል ደርሳ ነበር።

በዚህ መሃል የወንድሜ የሥራ ባልደረባ ይህን ሰው ጠቆመን። አመሻሽ ላይ ደወልን፣ በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ ከች አለ። በሰዓቱ የሚመጣ መካኒክ ካያችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው?

ግቢ ሲገባ ወደ መኪናው አልሄደም። ኮፍያውን አውልቆ አባባ ወደተቀመጠበት በረንዳ ወጣ። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለውና "አባባ፣ መኪናው የእርስዎ ነው? እንድነካው ይፈቅዱልኛል?" አለ።

አባባ "ንካው። ግን እንዳትቆርጥብኝ" አለው።

"መሪ የሚይዝ ብረት ማን ይቆርጣል አባባ!"

ከዚያ ወረደ፣ መኪናው ሥር ተኛ፣ በባትሪ አየ። ብዙም አልቆየም። "ምንም አልታጠፈም፣ ምንም አልተሰበረም" አለን። እኔ ያኔ ነው የተነፈስኩት። እንዳስረዳን ከሆነ ቦዲው ከፍ ሲል ዘንጉ ርዝመቱ ያው ስለሆነ አክስሉን ትንሽ ወደ ጎን ይወስደዋል። የተንጠለጠለ መኪና ላይ ደግሞ ቀዳዳው እንዲገጥም መጠበቅ ከንቱ ልፋት ነው። ጎማዎቹ ታስረው፣ ክሪኩ ወጥቶ መኪናው መሬት ይርገጥ አለ። የእጅ ፍሬኑን ያዘ፣ የኋላ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደገፈ። ሞተሩ ተነሳ።

"አሁን መሪውን ቀስ አድርጎ የሚያዞርልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለ። ወንድሜ እየሮጠ በሩን ከፈተ። መካኒኩ ግን "አንተ እዚህ ባትሪ ያዝልኝ፤ መኪናውን የሚያውቁት አባባ ናቸው፣ እሳቸው ይቀመጡ" አለው።

አባባ እግሩን ካመመው ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። የሕንድ ፊልም አይቶ የማያለቅስ ሰው ነው። ደግፈን ስናስቀምጠው ግን ፊቱ ሌላ ሆነ። ከሥር "ትንሽ ወደ ግራ አባባ... ተው... አሁን የፀጉር ታህል ወደ ቀኝ" ይላል። መሪው ሲዞር ጎማዎቹ መሬት ስለያዙ ቦዲው ራሱ በአክስሉ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ስንት ጎረምሳ ያልገፋው ነገር! ከዚያ "በቃ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ቡሎኑ በእጅ ተገፍቶ ገባ። በእጅ ነው የምላችሁ፣ መዶሻ አልተነሳም።

አባባ ከመኪናው አልወርድ ብሎ ምሳ እዚያው ቀረበለት። እኔ ለዚህ ብቻ እንኳ ሰውየውን እድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ። ያን ለማድረግ ማንም አላዘዘውም። ለሥራውም የግድ አያስፈልገውም ነበር።

የቀረውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዋናዎቹን ቡሎኖች አጥብቆ የጨረሰው መኪናው በራሱ ክብደት ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑ ከጠበቀ ጎሚኒው፣ ማለትም ቡሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ፣ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል አለ። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹ እንዳይወጠሩ መሪውን እስከ ዳር አዙሮ አየ። በሜትር ከቦዲው ጠርዝ እስከ ጎማው ግራና ቀኝ ለካ፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ከዚህ በላይ ብታነሱት ኖሮ ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ ያስፈልጋችሁ ነበር አለን። የሚሸጥልን ዕቃ ፈልጎ ቢሆን "ግዙ" ማለት ይችል ነበር። አላለም።

ሊነዳው ወጥቶ ሲመለስ ግን ደስ አላለውም። መሪው ሲለቀቅ ወደ ቦታው አይመለስም፣ በቀጥታ መንገድም ይዋልላል። መኪናው ከፍ ሲል አክስሉ በትንሹ ስለሚዞር ነው አለ። መፍትሔው የመሃል ቀዳዳው ወደ አንድ ወገን ያደላ ጎሚኒ ነው። እሱንም ከዱባይ አስላክነው፣ አሮጌው በፕሬስ ወጣ፣ አዲሱ ገባ። ከዚያ ከወንድሜ ጋር ሆኖ የጎማ አቅጣጫ በማሽን የሚስተካከልበት አላይመንት ቤት ድረስ ሄደ። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ የፊት ጎማዎቹን አፍንጫ (ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞራቸውን) ብቻ አስተካክሎ ሊልካቸው ሲል መካኒኩ "ያኛውንም ቁጥር አሳየኝ" ብሎ አስነበበው። እኔ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አልገባኝም። መሪው ግን እንደ ድሮው ራሱ ይመለሳል፤ የገባኝ እሱ ነው።

ክፍያውስ? ከተነጋገርነው አንድ ብር አልጨመረም። ለዕቃ ከሰጠነው የተረፈውን ከነደረሰኙ መለሰ። እናቴ የስለቱን ድፎ ግማሹን ለእሱ ጠቅልላ ሰጠችው።

ለመስቀል ጉመር ደርሰን መጣን። ያ ጉብታ አልነካንም። አባባ ከፊት ወንበር ሆኖ መንገዱን ሁሉ ወንድሜን "ቀስ!" ሲለው ነበር።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ እንዲህ ያለ ሰው ሥራ አይጣ። ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለጠየቀኝ የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ቤት ድረስ ይመጣል። የጀመራችሁትን ሥራ አይቶ አይስቅባችሁም፣ ከቆማችሁበት ነው የሚቀጥለው። እሁድ አይሠራም። ቆርጠህ በይድልኝ የምትሉትም አትደውሉለት፣ ስልኩን ይዘጋባችኋል። ለገና አገር ቤት የምትወርዱ ካላችሁ ከአሁኑ ቀጠሮ ያዙ፤ በዓል ሲቃረብ ወረፋው ረጅም ነው።