መጀመሪያ ግድግዳውን ያንኳኩት ጋሼ

ይህ ጽሁፍ ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። አዳማ ሆናችሁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ለማስገጠም ሰው እየፈለጋችሁ ከሆነ ለእናንተ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ አስቀድሜ ይቅርታ።

ነገሩ የጀመረው እናቴን ከአሰላ ሳመጣት ነው። ጉልበቷን ያማታል። መቀመጡ አያስቸግራትም፣ መነሳቱ ነው ጭንቁ። ስለዚህ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ጎን እጇን ይዛ የምትነሳበት ብረት አስገጠምኩላት። የፎጣ መስቀያ፣ መስታወትና የሳሙና ማስቀመጫም በዚያው ተሰራ። የገጠመው ልጅ ፈጣን ነበር። ቡናው ሳይፈላ ጨርሶ ሄደ። እኔም እንዲህ ነው እንጂ ሰራተኛ ብዬ መረቅኩት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት "ውይ ልጄ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሮጬ ስገባ ብረቱ ከነፊሸሩ፣ ከነፕላስቲክ መያዣው፣ ተነቅሎ እማዬ እጅ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ብለን ሞልተን ያስቀመጥነውን ትልቁን ባልዲ ተደግፋ ቀርታለች። ባልዲው ባዶ ቢሆን ኖሮ አብሯት ይሄድ ነበር። የውሃ መጥፋት ጠቅሞኝ የሚያውቀው ያን ቀን ብቻ ነው።

ልጁ ጋ ደወልኩ። አላነሳም። ድጋሚ ደወልኩ። ተውኩት።

ጋሼን የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት። ሐሙስ እመጣለሁ አሉ፣ አርብ መጡ። ከኋላቸው የእህታቸው ልጅ ድሪሉን ተሸክሟል። እኔ የተነቀለውን ብረት ይዤ "ጋሼ፣ ይቺን ብቻ መልሰው ይምቱልኝ" አልኳቸው። ብረቱን አላዩትም። ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ማንኳኳት ጀመሩ። ልክ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ። ከበሩ ጀምረው እስከ መስኮቱ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። እማዬ "ምን ጠፍቶት ነው ይሄ ልጅ?" አለችኝ። ሃምሳን ተሻግረዋል፣ ለእሷ ግን ልጅ ናቸው።

ሲጨርሱ "እህቴ፣ ይሄ ግድግዳ ሁለት ግድግዳ ነው" አሉኝ። ጥጉ ላይ ወደ አርባ ሳንቲም የሚሆነው ኮለን ነው፣ ድፍን የኮንክሪት ምሰሶ። የቀረው ባለ 10 ሳንቲም ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። እኔም አንኳኳሁ። እውነት ነው፣ አንዱ "ጥቅ ጥቅ" ይላል፣ ሌላው "ዶም ዶም"። ስድስት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው እንግዲህ።

ቀጥለው ከኪሳቸው ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አወጡ። ብረቱ በተነቀለበት ቀዳዳ አስገብተው፣ ጫፉን ከብሎኬቱ ቆዳ (ከፊተኛው ስስ ግድግዳው) ጀርባ ላይ አጥምደው፣ በጥፍራቸው ምልክት አድርገው ሳቡት። ከዚያ በሜትር ለኩ። ሴራሚኩ 1 ሳንቲም አይሞላም። ከሴራሚኩ ስር ያለው ቡካታ፣ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቁ፣ ወደ 2 ሳንቲም ነው። ከዚያ የብሎኬቱ ቆዳ ይመጣል፣ እሱም 3 ሳንቲም አይሞላም። ከዚያ ወዲያ አየር ነው።

የተነቀለውን ፊሸር ከሽቦው ጎን አስቀመጡት። ርዝመቱ 3 ሳንቲም። ገባኝ። ፊሸሩ ሴራሚኩንና ቡካታውን ይዞ ነበር እንጂ ብሎኬቱ ጋ አልደረሰም። ደጃፍ ላይ ቆሞ የቀረ እንግዳ ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀዳዳው ሰፍቶበት ኖሮ ያ የመጀመሪያው ልጅ የክብሪት እንጨትና የፌስታል ቁራጭ ጠቅጥቆበታል። ጋሼ አንድ በአንድ እያወጡ መሬት ላይ ደረደሩልኝ። ስለ ልጁ ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። "ተቻኩሏል" ብቻ አሉ።

ለማታውቁ፣ ፊሸር ማለት ቪቴ ከመግባቱ በፊት ቀዳዳው ውስጥ የምትከተተዋ የፕላስቲክ ቱቦ ነች። ቪቴው ሲገባባት ታብጣለች፣ ስታብጥ ግድግዳውን ትይዛለች። በነገራችን ላይ ፊሸር የሰው ስም ነው። አርተር ፊሸር የሚባል ጀርመናዊ በ1958 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የናይለኑን ፊሸር ሰራ፣ ስሙ እኛ ጋ የዕቃው ስም ሆኖ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ያለው ትምህርት ቤት ነበር። ጋሼ የእህታቸውን ልጅ እየጠየቁ ነው የሚሰሩት። ፑንታ የድሪሉ መብሻ ጫፍ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ውፍረቱ በሚሊ።

"6 ፊሸር በስንት ፑንታ?"

"በ6።"

"8ስ?"

"በ8።"

"ቪቴውስ?"

እዚህ ላይ ልጁ ትንሽ ይንተባተባል። ጋሼ ራሳቸው ይመልሳሉ። ለ6 ፊሸር ከ4 እስከ 5 ሚሊ ውፍረት ያለው ቪቴ። ለ8 ፊሸር 5 ወይም 6። ለ10 ፊሸር 7 ወይም 8። ቪቴው ከቀጠነ ፊሸሩ አያብጥም። ካላበጠ ደግሞ ቀዳዳ ውስጥ የተቀመጠ ጌጥ ነው።

ፑንታውና ፊሸሩ ቁጥራቸው አንድ ነው ማለት ግን ቀዳዳው ልክ ይሆናል ማለት አይደለም። ይሄን አላውቅም ነበር። የእኛ አካባቢ ብሎኬት ብዙው የፑሚስ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ነው። ቀላል ነው፣ ይፈረፈራል። ድሪሉን መዶሻው ላይ (እየዞረ በሚመታበት) አድርገህ ከገባህበት በ8 ፑንታ የ10 ቀዳዳ ይወጣል፣ የብሎኬቱም ጀርባ ከውስጥ ይረግፋል። ስለዚህ ጋሼ ብሎኬት ላይ መዶሻውን ያጠፋሉ፣ በመዞር ብቻ ነው የሚበሱት። ኮለኑ ላይ ሲደርሱ ነው መዶሻውን የሚያበሩት።

ሴራሚኩንም እንደዚያው ያለ መዶሻ ነው የበሱት። ቦታው ላይ ወረቀት ፕላስተር ለጠፉ፣ በእስክሪብቶ መስቀል አደረጉበት፣ ለሴራሚክ የሚሆነውን ጫፉ ጦር የመሰለ ፑንታ ገጠሙ። ፕላስተሩ ፑንታው እንዳይንሸራተት ነው። ቀስ ብለው ጀመሩ። ልጁ በእርጥብ ስፖንጅ እያቀዘቀዘ ነው፣ ውሃው ከጀሪካን፣ የቧንቧው ያን ቀንም አልነበረም። ከሴራሚኩ እንዳለፉ ፑንታውን ለወጡ። የወለሉ ዓይነት ድፍን ጠንካራ ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ ይህ ፑንታ እንደማይበቃውና የአልማዝ ጫፍ ያለው እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ሴራሚክ ጠርዙ አጠገብም አይበሳም፣ ይሰነጠቃል።

ለነገሩ ሳይበሱ በፊት ቧንቧዎቹ በግድግዳው ውስጥ የት እንደሚያልፉ ጠይቀውኛል። እኔ ምን አውቄ! እሳቸው ግን ከእያንዳንዱ የቧንቧ መክፈቻ በቀጥታ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን መስመር በእጃቸው አሳዩኝና "እዚህ ጋ አንነካም" አሉ። የመታጠቢያ ቤቱን መብራትም ከቆጣሪው ጋ አጥፍተው ድሪሉን ከሳሎን ነው የሰኩት።

አሁን ወደ እማዬ ብረት። ብረቱ ሁለት እግር አለው፣ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቀዳዳ። ጋሼ ቦታውን ትንሽ አዙረው አንዱ እግር ኮለኑ ላይ እንዲያርፍ አደረጉት። ከዚያ ጮክ ብለው ደመሩ። 3 ሳንቲም የሴራሚክና የቡካታ፣ 5 ሳንቲም የ10 ፊሸር ርዝመት፣ 1 ሳንቲም ለአቧራ። ድምር 9። ፑንታው ላይ 9 ሳንቲም ለክተው ፕላስተር ጠመጠሙ። ፕላስተሩ ግድግዳውን ሲነካ ማቆም ነው። "ለአቧራ" የሚሉት ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከቀዳዳው የሚቀረው ዱቄት እታች ይከማችና ፊሸሩን አላስገባ ይላል፣ ስለዚህ ቀዳዳው ከፊሸሩ ይረዝማል። ለማንኛውም ዱቄቱን በቀጭን ላስቲክ ቱቦ እፍ አሉት። ዓይናችሁን ጨፍኑ ብለውናል፣ እኔ አልሰማሁም፣ ቀኑን ሙሉ ሳሽ ዋልኩ።

ፊሸሩን ደግሞ ሴራሚኩ ላይ አይተዉትም። ሴራሚኩን አልፎ ወደ ውስጥ እስኪገባ ይገፉታል። እዚያው ሴራሚኩ ውስጥ ቢያብጥ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ቪቴው ረዘም ማለት አለበት። ቪቴዎቹም የማይዝጉት ናቸው። የድሮዎቹ በሦስት ሳምንት ሴራሚኩ ላይ ቡናማ እንባ አውርደው ነበር።

ሌላኛው እግር ባዶው ብሎኬት ላይ ነው የወደቀው። እዚያ እንኳን 10፣ 14 ፊሸርም ቢሆን አላምነውም አሉ። የሚያብጥ ፊሸር የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ አየር ውስጥ ያበጠ ምንም አይዝም። ምን አደረጉ? ግድግዳውን እስከ ማዶ በሱት። ማዶው ዕቃ ቤታችን ነው። ረጅም ቡሎን አሻገሩ፣ ከዕቃ ቤቱ በኩል ጠፍጣፋ ብረት፣ ሮንደላና ዳዶ አድርገው አሰሩት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሦስት ዳዶ ይታያል። ይታያ።

ሲጨርሱ ራሳቸው ብረቱን ይዘው ተንጠለጠሉ። ከሲታ አይደሉም። እማዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

የሳሙና ማስቀመጫው፣ መስታወቱና የፎጣ መስቀያው ቀላል ስለሆኑ ፈጥነው አለቁ። ባዶው ብሎኬት ላይ የተጠቀሙት ፊሸር ግን ሌላ ዓይነት ነው። ረዘም ይላል፣ ቪቴው ሲጠብቅ ከብሎኬቱ ጀርባ ራሱን ይቋጥራል። አንዱን ካርቶን ላይ አጥብቀው አሳዩኝ። ልክ እንደ መቀነት ቋጠሮ። ቪቴው ሳይገባ ቀዳዳው ውስጥ ትንሽ ሲሊኮን ጠብ አደረጉ፣ ውሃ እንዳይሰርግ።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። እማዬ የአሰላ ሰው ናት። አዳማ በዚህ ሙቀቷ እንኳ በሙቅ ውሃ ካልታጠበች ታጠብኩ አትልም። ስለዚህ 80 ሊትር ቦይለር ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። ጋሼ እዚያው ስላሉ "ይሄንንም ይስቀሉልኝ፣ እዚህ ከበሩ በላይ" አልኳቸው። ዋጋውን እንኳ አልተከራከርኩም፣ የጠሩትን ልከፍል ነው።

"እህቴ፣ 80 ሊትር ውሃ ስንት ኪሎ ነው?"

"80።"

"የቦይለሩ ብረት ሲጨመርበት ወደ ኩንታል ነው። ከዚህ ግድግዳ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ሰቅለሽ እናትሽን ከስሩ ታጥቢያታለሽ?"

አልሰቅልም አሉ። በምን ዓይነት ፊሸር? በምንም። ሌላ ሰው ይሰቅልልሻል፣ እኔ አልሰቅልም። ያን ቀን ከዚህ ሥራ የሚያገኙት ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ነበር፣ ትተውት ሄዱ። ምክር ብቻ ሰጡኝ። በባለ 30 ሊትር ቀይሪውና ኮለኑ ላይ እንስቀለው። ለአንዲት እናት 30 ይበቃታል፣ አዳማ ነው ያለነው። ሱቁ ለመለወጥ ትንሽ አንገራገረ፣ ግን ለወጠልኝ። በሳምንቱ ተመልሰው ሰቀሉት።

እንከን የላቸውም አልልም። ወሬ ይወዳሉ፣ ወሬውም ሥራ ያስቆማል። ጫማቸውን አያወልቁም። አቧራውን ልጁ ይጠርጋል፣ ግን እንደ ወንድ ልጅ አጠራረግ ነው፣ ደግሜ ጠርጌያለሁ። ከሌላ ሰው ትንሽ ይወደዳሉ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ በሚለወጥ ገበያ ነገ ውሸታም መባል አልፈልግም።

ስማቸውንና ስልካቸውንም አልለጥፍም፣ "ሰው ሁሉ ሲደውል ሥራ አልሰራም" ብለው ከልክለውኛል። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ፊሸርና ቪቴ ቀድማችሁ አትግዙ፣ ግድግዳውን ሳያዩ የተገዛውን መልሱ ይሏችኋል። እኔ የገዛሁት አንድ ፓኬት 6 ፊሸር እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ደግሞ ሐሙስ እመጣለሁ ካሉ አርብ ብላችሁ ያዙት።