ከክረምት እስከ በጋ፦ የቤት ኢንቨርተርና የሊቲየም ባትሪ አጠቃቀም ልምዳችን

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ሰፈር እንኖራለን። የእናቴ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ስለሚቀመጥ ለእኛ ጉዳዩ ከምቾት ያለፈ ነው። በዚህ ምክንያት ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል 1,000 ዋት የሚሸከም ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል የቤት ዕቃዎች ወደሚሠሩበት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) እና ባለ 12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ገዝተን አስገጠምን። ሙሉ ክረምትና በጋ ካየሁት በመነሳት ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው እላለሁ፤ ጥቅሙን ይበልጥ የሚወስነው ግን ምን ምን እንደሚጫንበት አስቀድሞ መለየቱ ነው።

ባትሪው በስሌት 1,280 ዋት ሰዓት ቢይዝም ኢንቨርተሩ ራሱ የሚበላው ተቀንሶ በተግባር ወደ 1,100 ይጠጋል። አምፖሎቹ፣ ራውተሩ፣ ቴሌቪዥኑና ቻርጀሮቹ አንድ ላይ 150 ዋት ገደማ ስለሚወስዱ ሰባት ሰዓት ያህል ያዘልቀናል። ኤሌክትሪሺያኑ እነዚህን መስመሮች ከማከፋፈያው ላይ ለይቶ ለብቻቸው ስለዘረጋቸው፣ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ በምንም መንገድ ባትሪው ላይ ሊያርፍ አይችልም። ካወጣነው ገንዘብ ሁሉ እጅግ የጠቀመን ለዚህ ሥራ የከፈልነው ነው።

ፍሪጁ ለብቻው ሊታሰብበት ይገባል። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛ ፍጆታው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ፣ ፍሪጅ ያለው ሰው ንጹሕ ሳይን ዌቭ (እንደ መስመሩ መብራት ያለ ለስላሳ የኤሌክትሪክ ሞገድ) የሚሰጥና ይህን ድንገተኛ ጭነት የሚችል ኢንቨርተር ይምረጥ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ስለዚህ መብራት እንደጠፋ ወዲያውኑ አንሰካውም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት ስላለበት፣ በሩ ሳይከፈት ንባቡ ከውጭ የሚታይ ቴርሞሜትር ገጥመናል፤ ቁጥሩ 7 ሲደርስ ፍሪጁን ወደ ባትሪው መስመር እናዞረዋለን።

የማልወድለት አንድ ነገር አለ። የዚህ ዓይነት ባትሪ ቮልቴጅ ቻርጁ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ 13 ቮልት አካባቢ እምብዛም ሳይነቃነቅ ይቆያል። ኢንቨርተሩ ላይ ያሉት የቻርጅ ምልክቶች የሚያነቡት ቮልቴጅን ብቻ በመሆኑ፣ ሙሉ መስለው ቆይተው በአንድ ጊዜ ይወርዱና ቤቱ ይጨልማል። የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር ትንሽ መለኪያ ካስጨመርን ወዲህ የቀረውን በእርግጠኝነት እናውቃለን። ሻጩ ይህን ከመጀመሪያው ሊነግረን ይገባ ነበር። ገዢዎች የቻርጀሩ ቅንብር ከሊድ አሲድ (ከተለመደው የመኪና ባትሪ ዓይነት) ወደ ሊቲየም መቀየሩንም ከመረከባቸው በፊት ያረጋግጡ።

ጣሪያ ላይ ያለው 200 ዋት ሶላር ፓነል በበጋ ባትሪውን በደንብ ያግዘዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰማዩ ቀኑን ሙሉ ተደፍኖ ሲውል የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ መብራት አብዝቶ የሚጠፋውም በዚያው ወቅት ነው። ስለዚህ በክረምት ዋናው መተማመኛ መብራት ባለበት ሰዓት ባትሪውን ሞልቶ ማቆየት ነው። ሮቶውንም በዚያው ሰዓት እንሞላለን፤ ኢንቨርተሩ የውሃ ፓምፓችንን ማስነሳት አይችልምና። ለምግቡም በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ከቤት አይጠፋም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል በጭሱ ባይታወቅም በካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚገድል፣ ዝናብም ቢሆን ከሰል ወደ ውስጥ አናስገባም።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ስለነበር፣ ባትሪውን ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አልፈለግሁም። ወለሉ አጠገብ ባለ ዝቅተኛ የብረት መቀመጫ ላይ በጠፍር ታስሯል። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ ፈትቶ ይዞ መውጣትም ይቻላል፤ ተመሳሳይ መጠን ያለው ሊድ አሲድ ባትሪ ግን 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል።

ከመጪው ክረምት በፊት ሁለተኛ ባትሪ ለመጨመር አስበናል። በትይዩ (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) የሚያያዙ ባትሪዎች ዓይነታቸው፣ መጠናቸውና ዕድሜያቸው ቢቀራረብ ስለሚመረጥ፣ የመጀመሪያው ብዙ ሳያረጅ ተመሳሳዩን መግዛት እንፈልጋለን።