ከሐዋሳ ተነስቶ ዳይቪንግ ለመማር፦ ዛንዚባር፣ ዲያኒ፣ ጅቡቲና ዳሃብ ሲመዘኑ

ሐዋሳ ላይ ውኃ የሚወድ ሰው አይጠፋም። ዳይቪንግ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅ፣ ልማር ያለ ግን ሐይቁን ትቶ ባሕር ፍለጋ መውጣት አለበት። ከአሞራ ገደል የሚነሳ ጀልባ መቅዘፊያው ውኃ ውስጥ ሲገባ ጫፉ ወዲያው ከዓይን ይሰወራል። በድፍርሱ ላይ ጉማሬ አለ፣ የዓሣ መረብ አለ፣ ቢልሃርዚያም ያሰጋል። ስለዚህ ለሐዋሳ ሰው የሚቀርቡ አራት የሞቃት ውኃ መማሪያዎችን፣ ዛንዚባርን፣ ኬንያ ያለውን ዲያኒን፣ ጅቡቲንና ግብፅ ያለውን ዳሃብን ለጀማሪ ምን ያህል ይመቻሉ ብለን መዝነናል።

ጀማሪ የሚፈልገው መታወቂያ ኦፕን ዋተር የሚባለው ነው። ፓዲም ሆነ ኤስኤስአይ የሚባሉት የዳይቪንግ ማስተማሪያ ድርጅቶች ቢሰጡት እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል። ንድፈ ሐሳቡ፣ የገንዳ ልምምዱና አራቱ የባሕር ዳይቭ ተደምረው ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈጃሉ። ንድፈ ሐሳቡን ሐዋሳ ቁጭ ብለው በኢንተርኔት ጨርሰው ከሄዱ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚባክነው ቀን ለባሕሩ ይተርፋል።

ከባሕሩ ምርጫ በፊት ግን መመለሻው ይታሰብ። ይህን ደጋግመን የምንለው የውጭ አገር መመሪያዎች የሚጻፉት ቤቱ በባሕር ጠረፍ ላይ ለሆነ ሰው ስለሆነ ነው። 18 ሜትር ላይ ያለ ሰው በባሕር ወለል ካለው 2.8 እጥፍ በሚሆን ግፊት ውስጥ ነው። ከሲሊንደር የሚተነፍሰው ናይትሮጅን ወደ ደሙና ወደ ሥጋው ይሟሟል፤ ተመልሶ ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ሳይወጣ ግፊቱ ከቀነሰ፣ ክዳኑ እንደተነሳለት የአምቦ ውኃ አረፋ ይሠራል። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሕመም፣ ቆዳ ላይ መደንዘዝ፣ ሲከፋም ሽባነት ያመጣል። በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት መመሪያ እንዲህ ይላል፦ አንድ ዳይቭ ብቻ ከነበረ ከበረራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በቀን ከአንድ በላይ ወይም በተከታታይ ቀናት ከነበረ ቢያንስ 18 ሰዓት። የኮርስ ተማሪ ምንጊዜም ሁለተኛው ውስጥ ነው።

እኛ ደግሞ 24 ሰዓት እንላለን። ዛንዚባር ተምሮ በባሕር ጠረፍ ላይ ወዳለ ከተማ የሚበር ሰው ዝቅተኛውን ግፊት የሚያገኘው አውሮፕላኑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሲያርፍ ያበቃለታል። የሐዋሳው ተማሪ የሚያርፈው ቦሌ፣ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ ያለው ግፊት አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበረው እምብዛም አይለይም። አዲስ አበባ ቢያድር ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ 1,690 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በደረሱበት ቀን እንጦጦ ለመዝናናት መውጣትም አይበጅም፤ ጫፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጅቡቲ የተማረ ሰው በባቡር ወይም በመኪና ስለሚመለስ «እኔ አልበርም» ብሎ ሰዓቱን እንዳይዘነጋ። ጅቡቲ ካለው የናጋድ ጣቢያ የተነሳው ባቡር በዚያው ቀን ድሬዳዋን፣ ወደ 1,200 ሜትር፣ ከዚያም አዳማን፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሰውነት የሚያውቀው ግፊትን እንጂ የተሳፈሩበትን አይደለም።

አሁን ወደ ባሕሮቹ። ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስነው ዕረፍትዎ የሚውልበት ወር ነው።

ዕረፍቱ በገናና በጥምቀት ሰሞን ከሆነ ቀዳሚው ዛንዚባር ነው። ከቦሌ ቀጥታ በረራ አለ፣ ውኃው ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ይደርሳል፣ 3 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ዌትሱት (ሙቀት የሚይዝ የጠላቂ ልብስ) ይበቃል። ማረፊያን ግን በዋጋ ብቻ አይምረጡ። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ባሕሩ በየቀኑ በሚሸሽበት ሰዓት ከዳርቻው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ጀልባው የሚነሳው ውኃው ሲመለስ ነው፣ ፕሮግራሙም በየቀኑ ይዛወራል። በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይህ ችግር ብዙም የለባቸውም፤ ለኮርስ እዚያ ይደሩ። ሁሉም ሰው የሚያወራለት የምኔምባ ደሴት ዙሪያ የሚያምር ነው፣ ጠላቂን የሚገፋ የውኃ ጅረት ግን አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዳይቮች ለዳርቻው ቅርብ በሆነና ጸጥ ባለ ኮራል ላይ ሠርተው ምኔምባን ለመጨረሻ ያቆዩት። ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዛንዚባር ከሚገባ እንግዳ 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ትጠይቃለች። ይህ የዳይቪንግ ኢንሹራንስን አይተካም፤ ያንን ለብቻው ይግዙ። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ረጅሙ ዝናብ ስለሆነ የፋሲካ ዕረፍት ያለው ሰው ሌላ ያስብ።

ዲያኒ በውኃው ሙቀትና በወቅቱ ከዛንዚባር ጋር ይቀራረባል። የሚበልጠው በጉዞ ወረቀቱ ቅለት ነው፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ወደ ኬንያ ቪዛ አያስፈልግም። እስከ ሞምባሳ በረራ፣ ከዚያ የሊኮኒ ጀልባ፣ ከዚያ በመኪና። ኮራሉ ከዳርቻው ወጣ ብሎ ይገኛል፤ በዳርቻውና በኮራሉ መካከል ያለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ለጀማሪ ልብ ማረፊያ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ግን ጀልባው አሸዋ ይነካል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባሕሩ ሲሸሽና ሲመለስ ያለው ልዩነት እጅግ ስለሚሰፋ ከነዚያ ቀናት ቢርቁ ይሻላል። ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ከሚያዝያ ጀምሮ ባሕሩን ያናውጣል፤ ከግንቦት እስከ ሐምሌ በዚያ ጠረፍ በራቸውን የሚዘጉ ማዕከላት አሉ። ለክረምት ዕረፍት ዲያኒን አንመክርም።

ክረምቱን የሚያሸንፈው ዳሃብ ነው፤ መምህርና ተማሪ ዕረፍት የሚወጡት ያኔ ነውና ለሐዋሳ ብዙ ሰው የሚጠቅመውም እሱ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ውኃው ወደ 27 እና 28 ዲግሪ ይደርሳል። ጀልባ አያስፈልግም፤ ዕቃውን ለብሰው ከዳርቻው ይራመዳሉ፣ ጉልበትዎ ሲጠልቅ ፊን (የእግር መቅዘፊያ) ያደርጋሉ፣ አሸዋው ቀስ እያለ ይወርዳል። ላይትሃውስ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ለትምህርት የታወቀ ነው። ጀልባ ላይ የሚያጥወለውለው ሰውም እዚህ አይቸገርም። የኮርሱ ዋጋ ከአራቱ ዝቅ የሚለው በአብዛኛው እዚህ ነው፤ በቀይ ባሕር ከተሞች የናይትሮጅኑ ሕመም የሚታከምበት የግፊት ክፍል ያላቸው ሕክምና መስጫዎችም አሉ። ጉድለቱ መንገዱ ነው፦ አስቀድሞ ቪዛ፣ እስከ ካይሮ በረራ፣ ከዚያ ሻርም ኤል ሼይክ፣ ከዚያ በመኪና 90 ኪሎ ሜትር ያህል። ብሉ ሆል ስሙ የገነነ ቢሆንም ለኮርስ ተማሪ አይሆንም፤ ልምድ ያላቸውን ጠላቂዎች ሳይቀር በልቷል። በጥርና በየካቲት ውኃው ወደ 22 ዲግሪ ስለሚወርድ በ5 ሚሊሜትር ዌትሱትም ሁለተኛው ዳይቭ ላይ ጥርስ ይንቀጫቀጫል። የበረደው ተማሪ አየር ቶሎ ይጨርሳል፣ ልምምዱንም ያበላሻል።

ጅቡቲ በርቀት ቅርባችን ናት፤ ለፋሲካ ሰሞን ደግሞ የተሻለችው እሷ ናት። በሚያዝያ ባሕሩ ሞቃት ነው፣ የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ኮራልም ለጀማሪ የሚሆን ጥልቀት አለው። ማወቅ የሚገባዎት አንድ ነገር አለ፦ በፈረንሳይ ሥርዓት የሚያስተምር ማዕከል «ኒቮ 1» ቢሰጥዎት ካርዱ እስከ 20 ሜትር ያስጠልቃል፣ ግን ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ኦፕን ዋተር ግን ከእኩያዎ ጋር ሁለት ሆነው ለመጥለቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት በመጨረሻ እጅዎ የሚገባው ካርድ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። ዌል ሻርክ ለማየት ከኅዳር እስከ ጥር አርታ ባሕር ዳርቻ መሄድ ደስ ይላል። ያ ግዙፍ ዓሣ የሚመጣው ግን ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ፍለጋ ነው፤ ፕላንክተን የበዛበት ውኃ ደግሞ ይደበዝዛል። አሠልጣኙን ከሦስት ሜትር አጥርቶ ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ይህ አይመችም። ክረምቱ ላይ ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስና ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሙቀት ስላለ ይተውት።

ሲሸልስና ማልዲቭስ ውበታቸው የማያከራክር፣ ወጪያቸው ግን የሚያስደነግጥ ነው። የታይላንዷ ኮ ታኦ በርካሽ ኮርስ ትታወቃለች፤ ከኮርሱ የተረፈውን ትኬቱ ይወስደዋል።

አገር ከተመረጠ በኋላ ዋናው ማዕከሉና አሠልጣኙ ናቸው። ደንቡ ለአንድ አሠልጣኝ ባሕር ላይ እስከ 8 ተማሪ ይፈቅዳል። ስምንት ግን ብዙ ነው፤ ከአራት በላይ ከሆነ ሌላ ቡድን ይጠይቁ። የአሠልጣኙን የመታወቂያ ቁጥር ይቀበሉና በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ። ዋጋ ሲነግሩዎት የኢንተርኔት ትምህርቱ፣ የካርዱ፣ የዕቃ ኪራዩ፣ የጀልባውና የባሕር ፓርኩ ክፍያ ውስጡ እንዳለ አንድ በአንድ ይጠይቁ፤ ርካሽ የመሰለ ዋጋ የሚወፍረው በነዚህ ነው። የድንገተኛ ኦክስጅኑን ሣጥን ከፍተው እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፤ ቫልቩ ተከፍቶም የጌጁ (የግፊት መለኪያው) መርፌ ዜሮ ላይ ከሆነ ከዚያ ጀልባ ይውረዱ።

ውኃ ከመግባትዎ በፊት ደግሞ ይህችን ያድርጉ። ሲሊንደሩ ሲሞላ 200 ባር ገደማ ያሳያል። ሬጉሌተሩን (መተንፈሻውን) አፍዎ ውስጥ አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ሲተነፍሱ ዓይንዎን ከጌጁ ላይ አይንቀሉ። መርፌው ካልተንቀሳቀሰ ደህና ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከተመለሰ የሲሊንደሩ ቫልቭ በደንብ አልተከፈተም ማለት ነው፤ ላይ ሆነው የበቃዎት አየር ጥልቀት ላይ ያጥርዎታል። አየሩ የዘይት ወይም የጭስ ሽታ ካለው አይጥለቁ። ጭምብል ሲመርጡ ማሰሪያውን ሳያጠልቁ ፊትዎ ላይ ገጥመው በአፍንጫ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ሳይወድቅ ከቆየ ይስማማዎታል። ጢም ያለው ሰው ከአፍንጫው ሥር ውኃ ስለሚያስገባ ላጭቶ ቢሄድ ይሻለዋል።

ክብደት ላይ የሚሠራው ስህተት ብዙ ነው። ለመስመጥ የሚታሰረው የብረት እርሳስ ገንዳ ውስጥ ቢበቃም ጨዋማ ባሕር ላይ አይበቃም፤ ከነዕቃው 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2 ኪሎ ገደማ መጨመር አለበት፣ ቀይ ባሕር ላይ ጨዉ ስለሚበዛ ትንሽ ይበልጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አየር የሚሞላውን የዳይቪንግ ጃኬት ባዶ አድርገው መጠነኛ ትንፋሽ ይዘው ሲቆሙ ውኃው ዓይንዎ ላይ፣ ሲያስወጡ ቀስ ብለው መስጠም። አሠልጣኝ ተማሪው ቶሎ እንዲሰምጥለት ብሎ እርሳስ ሲያበዛ ተማሪው ጃኬቱን በአየር ለመሙላት ይገደዳል፤ ከዚያ አንድ ሜትር ከፍ ሲል አየሩ ይሰፋና ወደ ላይ ይተኩሰዋል።

ጆሮ የሚያምመው በመጀመሪያዎቹ 5 ሜትሮች ነው፤ የግፊቱ ለውጥ ከሁሉም የሚበረታው እዚያ ነውና። በየሜትሩ፣ ሳያምም በፊት፣ አፍንጫ ይዞ በቀስታ መንፋት፤ እምቢ ካለ አንድ ሜትር ወጥቶ መሞከር። አውሮፕላኑ ወደ ዛንዚባር ሲወርድ የሚሰማዎት ጫና 2.5 ሜትር ያህል ከመጥለቅ ጋር እኩል ነው። እዚያ ጆሮዎ ካልተከፈተ ወይም ጉንፋን ከያዝዎት ለአሠልጣኙ ተናግረው አንድ ቀን ያቆዩት። ሌላም አለ፦ እኛ አገር አውራ ጣት ማንሳት «ጥሩ ነው» ነው፤ ውኃ ውስጥ «ወደ ላይ እንውጣ» ማለት ነው። ደህና መሆንዎን የሚናገሩት አውራ ጣትና አመልካች ጣትን አጋጥመው ክብ በመሥራት ነው።

ሐዋሳ ሳሉ የሚሠራው ሁለት ነው። ኮርሱ ያለ ሰዓት ገደብ 200 ሜትር ዋናና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠይቃል። በ25 ሜትር ገንዳ ከዳር እስከ ዳር 8 ጊዜ፣ በሪዞርቶቹ 15 ሜትር ገንዳ 14 ጊዜ ገደማ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት ሳምንት ያህል ይለማመዱ፤ ሐይቁ ውስጥ አይሁን። ሁለተኛው የሕክምና ቅጹ ነው። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው ቅጹ ላይ «አዎ» ይላል፤ ሐኪም ካልፈረመበት ማዕከሉ ውኃ አያስገባውም። የሳንባ ቲቢ ይዞት የዳነ ሰውም ይህንን ለሐኪሙ ይንገር፣ የደረት ራጅ ይነሳ፤ ሳንባ ላይ የቀረ ጠባሳ አየር ሊይዝ ይችላል፣ የታመቀ አየር ደግሞ ሲወጡ ሳንባን ይቀድዳል። ወደ ዛንዚባርና ዲያኒ የሚሄድ ሰው የወባ መከላከያ ሲታዘዝለት ዳይቪንግ እንደሚማር ያሳውቅ፤ ሜፍሎኪን የሚባለው ክኒን የሚያመጣው ማዞር ከናይትሮጅኑ ሕመም ጋር ይምታታል። አንዳንዱ ሰው ቅጹን የሚሞላው ማዕከሉ በር ላይ ደርሶ ነው፤ ያኔ አንዲት «አዎ» ትኬቱንም ዕረፍቱንም ታስበላዋለች። ቅጹን አሁኑኑ ያውርዱ፣ ሐዋሳ ላይ ያስፈርሙ፤ ከዚያ በፊት ለማንም ቀብድ አይላኩ።