ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር የሚናገር ዴስክቶፕ፦ ሊኑክስ ሚንት በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ

ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ባለችው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ሁለት ላፕቶፖች አሉ። ሁለቱም ባለ 4 ጊጋ ባይት ራም ናቸው፤ ባትሪያቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ተከፍተው ለሥራ እስኪደርሱ ድረስ ደንበኛው የማመልከቻውን ጉዳይ ከሥር ከመሠረቱ ተርኮ ይጨርስልኛል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ ሳውቅ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ስለሚጠይቅና የእኔዎቹ እሱ ስለሌላቸው፣ ያለኝ ምርጫ ወይ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ወይ በነጻ የሚገኝ ሌላ ሥርዓት መሞከር ብቻ ሆነ። የላፕቶፕን የዛሬ ዋጋ ጠይቆ የተመለሰ ሰው ለምን ሁለተኛውን እንደመረጥኩ አይጠይቀኝም።

የጫንኩት በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሊኑክስ ሚንት 22ን ነው፤ ሲናሞን፣ ማቴ እና ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ከሚባሉት ዓይነቶቹ ውስጥ ደግሞ አቅሙ ለደከመ ኮምፒውተር የሚስማማውን ኤክስ ኤፍ ሲ ኢን ወሰድኩ። ይህ ዕትም ኡቡንቱ 24.04 በተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት ላይ የተገነባ ሲሆን የደኅንነት ማሻሻያው እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ይቀጥላል። የመጫኛው ፋይል ወደ 3 ጊጋ ባይት ስለሚጠጋ በቀን ዳታ ማውረዱ ያስቆጫል፤ እኔ የሌሊት ፓኬጅ ገዝቼ አወረድኩት። ፍላሽ ላይ ከተጻፈ በኋላ ምንም ሳይጫን ከፍላሹ አስነስቶ መሞከር ስለሚቻል፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን በዚህ መንገድ ሳያረጋግጥ ማንም ሰው ዲስኩን ፎርማት እንዳያደርግ አሳስባለሁ። ሌላ ፕሮግራም ሳይከፈት የሚይዘው ራም በእኔ ላፕቶፕ ከ1 ጊጋ ባይት በታች ነው፤ ከዚህ በላይ ስለ ፍጥነቱ የምለው የለኝም።

ለጽሕፈት ቤት ዋናው ጥያቄ አማርኛ ነው። የአማርኛ መጻፊያው ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ አይባስ የተባለውን የፊደል ማስገቢያና ኤም 17 ኤን የተባለውን ተጨማሪ ጥቅል ከሶፍትዌር ማከማቻው ጭኖ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ለአማርኛ «ሴራ» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ደስ አይልም፤ ነገሩ ግን የግዕዝን ፊደል በላቲን ቁልፎች የመጻፊያ ስምምነት ነው እንጂ ማንም በማንም ላይ የዶለተው ነገር የለም። ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ እና ኤም ተከታትለው ሲመቱ «ሰላም» ይወጣል። ትንሹ ቲ «ት»ን ሲሰጥ ትልቁ ቲ «ጥ»ን ይሰጣል፤ ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ሲመታ አራት ነጥብ ይሆናል። «ሽ» የሚጻፈው በኤክስ ቁልፍ በመሆኑ፣ በኤስና በኤች መጻፍ የለመደው እጄ እስኪታረም ድረስ ጥቂት ቀናት ተሰቃይቻለሁ። ከለመድኩት በኋላ ግን የምጽፍበት ፍጥነት ከድሮው አልቀነሰም፤ የሚወጣው ጽሑፍም ዩኒኮድ በተባለው፣ ሁሉም ዘመናዊ መሣሪያ በሚያውቀው የፊደል ስምምነት ስለሆነ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ወደ አራት ማዕዘን ሣጥን አይለወጥም። ለረጅም ጽሑፍ አቢሲኒካ የተባለውን ፎንት እመርጣለሁ፤ ቅርጹ የብራና ጽሕፈትን ስለሚያስታውስ ለውልና ለማመልከቻ ግርማ ይሰጠዋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በበኩሉ በትንሽ መጠንም ስለሚነበብ ለሜኑና ለመስኮት ርዕስ የተሻለ ነው። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ።

ዴስክቶፕን እንደ ፍላጎት ማስተካከል ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የግድግዳ ሥዕልንና የአይከን ቀለምን ነው። እኔን ከዚህ ሥርዓት ጋር ያስማማኝ ግን በፓኔሉ፣ ማለትም በስክሪኑ ዳር በተዘረጋው መስመር፣ ጥግ ላይ ያለችው ሰዓት ናት። ደንበኛ «ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ» ብሎ ሲሄድ ኮምፒውተሩ 2 ሰዓት ሊለኝ ይገባል ወይስ 8? ለዓመታት በጭንቅላቴ ስድስት ስጨምርና ስቀንስ ኖሬያለሁ። በኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ሰዓቷን በቀኝ ጠቅታ ከፍቶ የራሷን የሰዓት ክልል መስጠት ይቻላል፤ የአርጀንቲናን ዋና ከተማ የቦነስ አይረስን ስም ጻፍኩላት። አርጀንቲና ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ፣ እኛ ደግሞ 3 ሰዓት ወደ ፊት በመሆናችን በመካከላችን ያለው ልዩነት በትክክል ስድስት ሰዓት ነው፤ እነሱም ዛሬ ሰዓታቸውን በወቅት ስለማይቀያይሩ ልዩነቱ አይናወጥም። አቀራረቡን ባለ 12 ሰዓት ሳደርገው፣ ፀሐይ ብቅ ካለች ጥቂት ቆይቶ ፓኔሉ 1 ሰዓት ይላል። የተለወጠችው የፓኔሉ ሰዓት ብቻ ስለሆነች የፋይሎች ቀንና የኢንተርኔት ግንኙነት አይዛቡም። ሳላስበው የተገኘ ጥቅምም አለ፦ በዚህች ሰዓት ላይ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠዋት በ12 ሰዓት ነው፤ ይህም እኛ ቀንን ከምንጀምርበት ልማድ ጋር ይገጥማል።

ቀሪውን ማስጌጫ በአጭሩ ላንሣ። ፓፒረስ የተባሉት አይከኖች ጥርት ያሉና ለዓይን የሚቀሉ ናቸው። ፕላንክ ከታች የሚቀመጥ የፕሮግራም መደርደሪያ ነው፤ ያምራል፣ ግን ትንሽ ስክሪን ላይ ቦታ ስለሚሻማ አነሳሁት። ኮንኪ የራምንና የፕሮሰሰርን ሁኔታ በዴስክቶፑ ላይ እየጻፈ ያሳያል፤ የሚስተካከለው ግን በጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ አንድ ሙሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፈጅቼበት በመጨረሻ ቁጥሮቹን ማንም እንደማያያቸው ተገነዘብኩ። ሬድሺፍት ከሁሉ ይልቅ ጠቅሞኛል፤ ማታ ማታ የስክሪኑን ብርሃን ወደ ቢጫ እያዘነበለ ዓይን ያሳርፋል። የሐዋሳን አቀማመጥ፣ ማለትም ኬክሮስ 7.06ና ኬንትሮስ 38.48ን በእጅ ሞልቶ መተው ይበቃል።

የዴስክቶፑን መልክ መቀያየር የጀመረ ሰው ግን ልጓም ያስፈልገዋል። እኔ ራሴ ፓኔሉን በስህተት አጥፍቼ ደንበኛ ፊት ላብ አጥምቆኛል፤ ያዳነኝ አስቀድሜ ያስቀመጥኩት የታይምሺፍት ቅጂ ነው። ታይምሺፍት ከሚንት ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን ሥርዓቱን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመልሳል። ነገር ግን ካላዘዙት በቀር የግል ሰነዶችን ቅጂ አይዝም፤ ይህን ሳያውቁ የሚተማመኑበት ሰዎች እንዳይጎዱ እሰጋለሁ።

ሥርዓቱ በሱቄ ውስጥ ስሙን ያስጠራው በፍላሽ ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም መጥቶ «ጋሼ፣ ሁሉም ጠፍቷል፤ የሚታየኝ ሾርትከት ብቻ ነው» አለኝ። ፍላሹን ስሰካው ከሾርትከቱ ጎን ስም የሌለው የሚመስል ፎልደር ነበር፤ ስከፍተው አምስቱም ምዕራፎች እንዳሉ ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ቫይረሱ ሰነዶቹን የሚሸሽገው በዊንዶውስ የመደበቂያ ምልክት ሲሆን፣ ሊኑክስ ላይ የተደበቀ የሚባለው ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል በመሆኑ ያ ምልክት ምንም አይሸሽግም። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም እዚህ አይነሣም። ፍላሹ ላይ ካልተጠፋ ግን ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተር መሄዱ ስለማይቀር፣ ሰነዶቹን ገልብጬ ፍላሹን ፎርማት ሳላደርግ አልመለስኩለትም።

ጉድለቱን ባልናገር ግምገማው ማስታወቂያ ይሆናል። ከሁለቱ ፕሪንተሮቼ አንደኛው እንደተሰካ ሲሠራ ሌላኛው የሊኑክስ ድራይቨር ስላላገኘሁለት እስከ ዛሬ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ደንበኞች በዎርድ ያዘጋጁት ሰንጠረዥ የበዛበት ሰነድ በዎርድ ፈንታ በምጠቀምበት በሊብሬኦፊስ ሲከፈት መስመሩ ሊሸሽ ስለሚችል፣ ለኅትመት የሚመጣውን ሁሉ በፒዲኤፍ እንዲያመጡ እነግራቸዋለሁ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፕሮግራሞች የተጻፉ የድሮ ውሎች ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ፤ ለእነሱ ስል አንደኛውን ላፕቶፕ ከነዊንዶውሱ፣ ከኢንተርኔት አለያይቼ አቆይቼዋለሁ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ካላንደሩ ነው። የሥርዓቱን ቋንቋ አማርኛ ቢያደርጉትም ወሮቹ የፈረንጅ ወሮች በአማርኛ ፊደል ከመሆን አያልፉም፤ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም። የቤት ኪራይ ውል ስጽፍ ቀኑን ማወቅ ያለብኝ በእኛው አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከላፕቶፑ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የወረቀት ካላንደር እስከ አሁን ከሥራው አልተነሣም።