ኦቨርሆል የተደረገ አውቶማቲክ ካምቢዮ፦ ከ9 ወርና ከ14,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

መኪናው 1.6 ሊትር ሞተር ያለው፣ በፊት ጎማ የሚጎተት፣ ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ለኦቨርሆል፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ለመታደስ፣ ሲወርድ መኪናው 230,000 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ሲሞቅ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ሊያልፍ ሲል ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይጎተትም ነበር፤ ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባም 3 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ነበር የሚይዘው። ዛሬ ሁለቱም የሉም። ጥገናው ግን አዋጪ የሆነው ካምቢዮው በደንብ ስለተሠራ ብቻ አይደለም፤ የቀረው መኪና ጥገናው የሚገባው ስለነበረ ነው።

ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት የሚመረመሩት ሞተሩና አካሉ ናቸው። የኮምፕሬሽን (በሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ልኬት ሲወሰድ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ባር ካልበለጠ፣ ሞተሩ ዘይት ካልበላ፣ የፊት እግሩ የሚታሰርበት ብረት በዝገት ካልሳሳ ጥገናው ትርጉም አለው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ አዲስ ካምቢዮ የተገጠመለት የደከመ መኪና ነው የሚተርፈው፤ ገዢ ደግሞ ለውስጥ ጥገና የወጣውን ገንዘብ መልሶ አይከፍልም።

«ሂሳቡ ከመኪናው ዋጋ ግማሽ ካለፈ ሽጠው» የሚባለው ምክር የሚያሳስተው ደህና መኪና የሚያወጣውን ዋጋ ስለሚይዝ ነው። ካምቢዮው የሞተ መኪና በዚያ ዋጋ አይሸጥም፤ ገዢው የጥገናውን ሂሳብ ቀንሶ፣ ለስጋቱም ሌላ ቀንሶ ነው የሚገባበት። ትክክለኛው ንጽጽር ይህ ነው፦ በአንድ በኩል ኦቨርሆሉና በቀጣዩ ዓመት የማይቀሩ ወጪዎች (ጎማ፣ ፍሬን፣ ቀበቶ)፤ በሌላ በኩል የሚተካው መኪና ዋጋና የመጀመሪያ ዓመት ሰርቪሱ፣ አሮጌው ባለበት ሁኔታ ተሽጦ የሚያመጣው ተቀንሶ። የሚገዛው መኪናም ታሪኩ የማይታወቅ ካምቢዮ ይዞ እንደሚመጣ አይረሳ።

ኦቨርሆል ከመወሰኑ በፊት በትንሽ ወጪ የሚታዩ ነገሮች አሉ። የዘይት መለኪያ ዘንግ ባለው ካምቢዮ ዘይቱ የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አንዴ ካለፈ በኋላ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ለክተው በሙቅ ምልክቱ ልክ የሚሞሉ ሰዎች ከመጠን በላይ ይሞላሉ፤ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ግፊቱም ይወርዳል። የሶሌኖይዶቹን (የካምቢዮውን ዘይት በኤሌክትሪክ የሚቆጣጠሩት ቫልቮች) ኦም፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ፣ መለካትም አይዘለል። ቀዝቅዞ ደህና ልኬት የሚሰጥ ሶሌኖይድ ሲሞቅ መስመሩ ሊቋረጥ ስለሚችል ሁለት ጊዜ ይለካል። ማርሽ ሲገባ የሚሰማው ግጭት ብዙ ጊዜ የተቀመጠ የሞተር መያዣ ጎሚኒ ነው፤ በዚህ ብቻ ካምቢዮ የተፈታባቸው መኪናዎች ጥቂት አይደሉም።

እዚህ መኪና ላይ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ነበረው፣ ከስር ክዳኑ ውስጥም ማርሽ የሚይዙት የካምቢዮ ዲስኮች ፍርፋሪ ተገኝቷል። እንዲህ ከሆነ ዘይት መቀየር አያድንም። ዘይቱ ወደ ወተት የሚያደላ ሮዝ ቀለም ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፦ የራዲያተር ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ይህ ውሃ (ኩላንት) የዲስኮቹን ሙጫ ስለሚያለቅቅ ሁሉም ዲስኮችና ራዲያተሩ አብረው ይቀየራሉ።

ያገለገለ ካምቢዮ መግጠም ርካሹ መንገድ ነው፤ የሚያዋጣውም ለአንድ ዓመት ያህል ብቻ መኪናው ከተፈለገ ነው። የካምቢዮው ኮድ ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት፣ የፊትና የአክስል ኦይል ሲሎቹም (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱት ቀለበቶች) ሳይገጠም መቀየር አለባቸው።

ኦቨርሆሉ ሁሉንም የፍሪሲዮን ዲስኮች፣ ሲሎችና ጋስኬቶች፣ ፊልትሮውን፣ የተቃጠሉ የብረት ዲስኮችን እንዲሁም የታደሰ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፍ ክፍል) ያካተተ ነበር። አዳዲሶቹ ዲስኮች ሳይገጠሙ ቢያንስ 30 ደቂቃ በካምቢዮ ዘይት ይነከራሉ። ትልቁ አደጋ ያለው ግን ኮንቨርተሩ ሲገባ ነው። እየተሽከረከረ እየተገፋ ይገባል፤ በየጥርሱ ሲወድቅ ድምፁ በእጅ ይሰማል። የመጨረሻው የካምቢዮውን ዘይት ፖምፓ የሚይዝበት ነው። እዚያ ሳይደርስ ብሎኖቹ ኮንቨርተሩን በግድ ስበውት ከሆነ፣ ሞተሩ እንደተነሳ የፖምፓው ጥርስ ይሰበራል፤ ሥራውም ከዜሮ ይጀመራል። ስለዚህ ከካምቢዮው ጠርዝ እስከ ኮንቨርተሩ ያለው ጥልቀት በካሊፐር ተለክቶ ከመመሪያው ጋር ይመሳከራል። በትክክል ከገባ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ተገጣጥመው ሲያልቁ ኮንቨርተሩ በእጅ ይዞራል፣ ትንሽ ክፍተትም ይኖረዋል።

ዘይት የሚሞላው በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ 4 ሊትር፣ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ቀስ እያለ። ባዶ ካምቢዮ ከነኮንቨርተሩ እዚህ ላይ 7.5 ሊትር ወስዷል፤ በተለመደው ማፍሰስ ግን የሚወጣው 3 ሊትር አካባቢ ብቻ ነው፣ የቀረው ኮንቨርተሩ ውስጥ ይቆያል።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ተለወጠ። ማግኔቱ ላይ የነበረው እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ዱቄት ብቻ ነው፤ ይህ የተለመደ ነው። በጣት ሲታሽ የሚወጋ ስባሪ ቢኖር የኩሽኔታ ወይም የጥርስ ጉዳት ምልክት ይሆን ነበር። በ5ኛው ወር በቀኝ አክስል በኩል ዘይት መንጠባጠብ ጀመረ። ኦይል ሲሉ አዲስ ነው፤ የተበላው አክስሉ ነው፣ አሮጌው ኦይል ሲል በዓመታት ብዛት ቦይ ቆፍሮበታል። ሌላ አዲስ ኦይል ሲል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገፋ ተደርጎ ባልተበላው ቦታ እንዲያርፍ ሲደረግ ቆመ። አክስሉ በተገጠመበት ቀን በጥፍር ቢዳሰስ ኖሮ ያኔውኑ ይታወቅ ነበር።

የኮንቨርተሩ መቆለፊያ (ሞተሩንና ካምቢዮውን ያለ መንሸራተት የሚያገናኘው) እስካሁን ይሠራል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በሜዳ መንገድ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የነዳጅ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ፍሬኑ በስሱ ሲነካ የሞተሩ ዙር ጥቂት ከፍ ይላል፣ እግር ከፍሬኑ ሲነሳ ይመለሳል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ መቆለፊያው አይይዝም።

አንድ ቅሬታ ቀርቷል። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ታጥቦ ብቻ ነው የተመለሰው። የመመለሻ ቱቦው ፍሰት ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ በ30 ሰከንድ 1 ሊትር ያህል ስለሆነ አልተደፈነም፤ ቀጭን መስመሮቹ ውስጥ የተጣበቀ ፍርፋሪ መኖር አለመኖሩን ግን ይህ ፈተና አያሳይም። ስለዚህ ቀጣዩ የዘይት ቅያሪ በመመሪያው 40,000 ሳይሆን በ20,000 ኪሎ ሜትር ነው የተያዘው።