ጣት ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ድምፅ፦ 11 ወር ከኮምፒውተር ኦርጋን ጋር

እኛ አገር ኦርጋን ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ነው። እኔም አዲስ አበባ እያለሁ የመዘምራኑ “ኦርጋን ተጫዋች” ነበርኩ። በነፋስ የሚጮኸውን፣ ባለ ቱቦውን ኦርጋን በእጄ የነካሁት ስዊድን ከገባሁ በኋላ ነው። እሱንም በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲከፈትልኝ። ለልምምድ አይበቃም። ስለዚህ ኦርጋኑን ቤቴ አስገባሁት፤ በኮምፒውተር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀጂዎች ማይክሮፎናቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ይገባሉ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እያስጮኹ እያንዳንዱን ለብቻው ይቀዳሉ። የተቀዳው ተሰብስቦ በአንድ ጥቅል ይወጣል፤ ስብስብ የምለው ይሄንን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የሚያጫውተው ሶፍትዌር ደግሞ ሌላ ነው፤ ሃውፕትቬርክ በክፍያ ነው፣ ግራንድኦርግ ነፃ ነው። እኔ ሁለት ኪቦርድ ደራርቤ፣ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ኦርጋን የተረፈ የእግር ፔዳል ከሥር አድርጌ፣ ሁሉንም በሚዲ፣ ማለትም የትኛው ኪ እንደተነካ ለኮምፒውተር በሚነግረው መስመር፣ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቻለሁ።

የጀመርኩት በነፃው ነው። አንድ ፖላንዳዊ አዘጋጅ ኦስትሪያ ውስጥ ፍሪዛህ በምትባል ከተማ ያለውን ኦርጋን ቀድቶ ለሁሉም በነፃ ለቆታል። ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም። ለሦስት ወር ሌላ አላማረኝም። አሁንም ጀማሪ ሲጠይቀኝ ብር ሳታወጡ መጀመሪያ ይሄን አውርዱ ነው የምለው።

ከዚያ ስህተት ሠራሁ። የስቶፕ ብዛት አይቼ አንድ ትልቅ ስብስብ ገዛሁ። ስቶፕ ማለት አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ የቱቦ ረድፍ ነው፤ ብዙ ከሆነ ጥሩ መሰለኝ። መዝሙሩን ቀስ ብዬ ስጫወት ደህና ነበር። ፈጠን ያለ ነገር ስጀምር ግን ድምፁ ተተራመሰ። ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቀጂው ለእያንዳንዱ ቱቦ አንድ መጨረሻ፣ ማለትም ጣት ከተነሣ በኋላ የሚቀረውን ድምፅ፣ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የቀዳው። ኪውን ረጅም ጊዜ ይዘህ ስትለቅ ቤተ ክርስቲያኑ በድምፅ ተሞልቷል፤ የሚቀረውም ማስተጋባት ትልቅ ነው። ነካ አድርገህ ስትለቅ ግን አዳራሹ ገና አልሞላም፤ የሚቀረው ትንሽ ነው። በዚያ ስብስብ አጭሯም ረጅሟም ኖታ እኩል ታስተጋባለች። ጆሮ ይሄን ወዲያው ያውቀዋል፤ ስሙን ባያውቅ እንኳ ይረበሻል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስገዛ የስቶፑን ቁጥር ትቼ መጨረሻውን አዳመጥኩ። ማሳያ ቅጂዎቹን እየከፈትኩ፣ ዜማው ሲቆም ያለውን ብቻ ደጋግሜ ሰማሁ። የመረጥኩት ሶኑስ ፓራዲሲ የሚባለው አዘጋጅ የቀዳውን የካን ኦርጋን ነው። ካን ፈረንሳይ፣ ኖርማንዲ ውስጥ ነው። ኦርጋኑ ያለበትን የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ያሠራው እንግሊዝን ድል ያደረገው ዊልያም ነው፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ኦርጋኑን በ1885 የሠራው አሪስቲድ ካቫዬ ኮል ነው። ሦስት የእጅ ኪቦርድ፣ 50 ስቶፕ።

ከስምንት ወር በኋላም ይሄን ስብስብ እወደዋለሁ። በተለይ በናስ ምላስ የሚጮኹትን ቱቦዎች። ባሱን ለብቻው ስይዘው የበገናን እንዝራ ያስታውሰኛል፤ ያ ደረት ውስጥ የሚገባ ንዝረት። ቱቦዎቹ ሁሉ ፍጹም አልተቃኙም፤ አንዳንዱ ሲጀምር ትንሽ ይተነፍሳል። ይሄ ሳይስተካከል መቅረቱ ደስ ይለኛል። ሌሊት ከሥራ ስመጣ መብራት አጥፍቼ፣ የጆሮ ማዳመጫ አድርጌ አንድ ኮርድ እይዝና እለቃለሁ። ድንጋዩ ግድግዳ እየራቀ ሲመልሰው እሰማለሁ። ጎረቤት ምንም አይሰማም።

ስለ ዕቃው ባጭሩ። ድምፁ በሙሉ ራም ላይ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ የሥራ ማኅደር ላይ፣ ነው የሚጫነው። ከሁለት ሺህ በላይ ቱቦ፣ ለእያንዳንዱም ከአንድ በላይ ቅጂ ማለት ነው። 16 ጊጋ ራም አነሰኝና 32 አደረግኩት። የላፕቶፑ የራሱ ድምፅ ማውጫ ይዘገያል፤ ኪውን ነክተህ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ እጅህ ግራ ይገባዋል። የውጭ ኦዲዮ ካርድ ግዙ። ትንንሽ ስፒከርም አይሆንም። የፔዳሉ ባለ 16 ጫማ ትልቁ ቱቦ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ ድምፁ 33 ኸርዝ አካባቢ ይወርዳል። ትንሽ ስፒከር እዚያ አይደርስም። ወይ ሰብውፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር)፣ ወይ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ባለፈው ወር እውነተኛው ኦርጋን ላይ አንድ የቀብር ሥነ ሥርዓት አጀብኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ነው፤ ጣራው እንጨት፣ ወለሉ ምንጣፍ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሼ በካን ልማዴ እጄን አነሣሁና ማስተጋባቱን ጠበቅኩ። ምንም የለም። ዝም አለ። ሰዎቹ ለመዘመር ትንፋሽ ስበው ይጠብቁኛል፣ እኔ የሌለ ድምፅ እጠብቃለሁ። ኖታዎቹንም አሳጥሬ ስለለመድኩ ዜማው ተቆራረጠ። ካን ውስጥ ክፍተቱን ግድግዳው ይሞላልሃል፤ እዚህ የሚሞላው ጣትህ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ግራንድኦርግ ላይ ፍሪዛህን እከፍትና የማስተጋባቱን ርዝመት በጣም አሳጥረዋለሁ። ደረቅ ነው፤ ስህተቴ ሁሉ ይሰማል። የእሑዱን መዝሙር በዚያ እጨርሳለሁ። ካንን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው።