ጭድ፣ ሰጋቱራ ወይስ የቡና ገለፈት? ጉዝጓዝ ገዝቼ ያየሁት

ቤቴ አያት ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ተመስገን ነው። በጋ ላይ ከሮቶው እየቀዳሁ ጎመን ሳጠጣ ውሃው ያሳሳኛል። አፈራችን ደግሞ መረሬ ነው። ዛሬ ያጠጣሁት በሦስተኛው ቀን ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል።

እርጥበቱ ቶሎ እንዳይደርቅ አፈሩን ስለሚያለብሱት ጉዝጓዝ የነገረችኝ ግብርና የተማረች ጓደኛዬ ናት። "ለበዓል ቄጠማ ትጎዘጉዢ የለ? ለአፈሩም እንደዚያው አልብሺው" አለችኝ። አምና ጥቅምት ላይ ጀመርኩ። እስካሁን ሦስት ዓይነት ሞክሬያለሁ።

መጀመሪያ ሰጋቱራ። ከአንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ሁለት ማዳበሪያ በ100 ብር ገዛሁ። ልጁ "ንጹህ እንጨት ነው እህቴ" ብሎ ማለልኝ። ቤት ወስጄ ስዘረግፈው እንደ ዱቄት በነነ፤ አስነጠሰኝ። የጽድ ሰጋቱራ ከሩቅ ያውዳል። ይኼ ምንም አይሸትም። ለካ የኤምዲኤፍ ብናኝ ኖሯል፣ በሙጫ የተጣበቀው ሰሌዳ ሲቆረጥ የሚወጣው።

የራሴም ጥፋት አለበት። ንፋስ እየወሰደ ሲያስቸግረኝ ከአፈሩ ጋር ቆፍሬ ቀላቀልኩት። እንጨት አፈር ውስጥ ሲበሰብስ፣ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን የተክሉ ምግብ የሆነውን ናይትሮጅን ከተክሉ ጋር ይሻማሉ። ሰላጣዬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ደህና ሰጋቱራ ካገኛችሁ ከላይ ብቻ አልብሱት፣ አትቅበሩት። ሁለተኛው ማዳበሪያ በር ሥር ተቀምጧል፤ ባለቤቴ መኪናው ዘይት ባንጠባጠበ ቁጥር ይበትነዋል። ለዚያስ ጥሩ ነው።

የቡና ገለፈቱን ወንድሜ ከጅማ በአውቶቡስ ላከልኝ። የከፈልኩት የጭነቱን ብቻ ነው። መልኩ ግን! ጠቆር ያለ፣ እኩል የሆነ፣ ግቢውን ሁሉ ያሳመረ። ቸኩዬ እንዳለ የቃሪያ ችግኞቹ ሥር ወፈር አድርጌ አለበስኩት። ውሃ ሲነካው ነጭ ሻጋታ አወጣ፤ ከስድስቱ ችግኞች አራቱ ቀጨጩ። የተረፈውን ጥግ ላይ ከምሬ፣ አልፎ አልፎ እያረጠብኩና እያገላበጥኩ ሦስት ወር አቆየሁት። ከዚያ በኋላ ጠቁሮ፣ ዝናብ የመታው አፈር ይሸት ጀመር። እሱን ለጽጌረዳዬ ሰጠኋት፣ ተመችቷታል። ትዕግሥት ላለው ሰው የሚሆን ነገር ነው።

የወደድኩት የጤፍ ጭዱን ነው። ከሰንዳፋ በኩል በአይሱዙ እያመጡ መንገድ ዳር የሚሸጡ አንድ አባት አሉ። "አባባ፣ አንድ ማዳበሪያ ይስጡኝ" ስላቸው፣ "ማዳበሪያ እንኳን የለኝም ልጄ፣ ጭድ ነው ያለኝ" ብለው ሳቁብኝ። 250 ብር ከፈልኩ። ሦስት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነች የጎመን መደብ አለችኝ፤ ለሷ አራት ጣት ውፍረት ሆኖ በቃት። ከግንዱ ግን ትንሽ ራቅ አድርጌዋለሁ፣ እርጥብ ጭድ ግንዱ ላይ ከተኛ ያበሰብሰዋል።

ለማነጻጸር ጎኑ ያለችውን መደብ ራቁቷን ተውኳት። ሁለቱንም እኩል አጠጣሁና በአራተኛው ቀን ጣቴን ሰደድኩ። ከጭዱ ሥር ጣቴ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ፤ ሲወጣ ጭቃ ይዞ ነው። ራቁቷ መደብ ጥፍሬን እንኳ አልቀበል አለች። በየሁለት ቀኑ ሁለት ጀሪካን የምትጠጣው ጎመን አሁን በየአራት ቀኑ ሆነላት። አረሙም ቢሆን ቀንሷል።

እንከን የለውም አልልም። ደረቁን ከበተናችሁት የጎረቤት ግቢ ነው የምታገኙት፤ እንደጎዘጎዛችሁ ውሃ አርከፍክፉበት። ዶሮ ካለ ደግሞ በአንድ ጠዋት ይጭረዋል። መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ጉድ አየሁ፦ ጎመኑ መሐል ጤፍ በቀለ! ሲወቃ የቀረ ፍሬ ነው። እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ አይታ "እሰይ፣ እንጀራውም እዚሁ ደረሰልሽ" አለች። ግማሽ ቀን ስነቅል ዋልኩ። ሐምሌ ላይም ጭዱ ሥር ቀንድ አውጣ ተሰበሰበና ቅጠሉን ወንፊት አደረገው፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ጭዱን ሰብስቤ ጥግ ላይ አኖርኩት።

ከአስር ስንት ካላችሁኝ፣ ጭዱ ስምንት፣ ገለፈቱ ከቆየ ሰባት፣ ያ ዱቄት ዜሮ።

ዘንድሮ ግን ጭድ አልገዛሁም። ጎረቤታችን ያሉት እትዬ አንዲት ላም አላቸው። አምና የጭዱን ማዳበሪያ ስዘረግፍ በአጥር አይተውኝ "የላም ቀለብ ለጎመን?" ብለው አማተቡ። እውነታቸውን ነው፣ እሳቸው በዋጋው ስንት ይቸገራሉ። አሁን ላሟ ረግጣ የተወችውን፣ ሽንት የነካውን ጭድ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠርገው ያቀብሉኛል፤ እኔ ያረጀውን የጎመን ቅጠል አቀብላቸዋለሁ። ጥቂት ሳምንት ከምሬ አሳርፈውና አለብሰዋለሁ። ከሚገዛው ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሽታ ከቻላችሁ።